አንድ ጎራሽ ሊገዛ ለመጣ የእህት ልጅ

ግባ የእህቴ ልጅ፣ ግባ። በሩን ገርበብ አድርገው፤ የመንገዱ አቧራ ጨርቄ ላይ እያረፈ መከራዬን አሳይቶኛል። እንዴት ዋልክ? ሚስትህ እንዴት ናት? ሆዷ ገፍቷል አሉኝ… እሰይ። ያቺን አረንጓዴ ቀሚሷን ታምጣትና ስፌቱን ከግራና ከቀኝ ልልቀቅላት። አሁን ካልለቀቅኩላት ኋላ ደረቷ ላይ ተሰብስቦ ይቀራል። በቆሎውስ እንዴት ሆነ? አሁንም የዱር አሳማው ይገባበታል? አይ… ሰው ዘርቶ አሳማ ሲያጭድ።

በርጩማ ሳብና ተቀመጥ። ያንን አይደለም፣ እሱ አንድ እግሩ ተነቅሏል። ባሌ ሲመጣ ነው የሚቀመጥበት፤ ሁለቱ ተግባብተዋል። አንተ ይሄኛው ላይ ሁን።

ደግሞ ድምፅህን ትንሽ ቀነስ አድርገው። ከመጋረጃው ጀርባ ደንበኛ አሉ። ሱሪያቸውን አውልቀው ሰጥተውኝ ወገቡን እያሰፋሁላቸው ነው፤ መቀየሪያ ስላልያዙ እዚያው ቆመው ይጠብቁኛል። አይ፣ ግዴለም፣ አንተ ተጫወት። የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። ቢቸኩሉስ… ምን ለብሰው ይሄዳሉ?

እሺ፣ ምን እግር ጣለህ? … ጠመንጃ?

ጠመንጃ ልትገዛ ነው? ያገለገለ፣ አንድ ጎራሽ፣ ከመሃሉ ታጥፎ አንዲት ጥይት የሚበላ… ታዲያ እሱን እኔን ትጠይቀኛለህ? እኔ የማውቀው መርፌ ነው። እርግጥ መርፌም አንድ ጎራሽ ናት፤ አንድ ክር ነው የምትጎርሰው። ልዩነቱ፣ መርፌ ጣትህን ስትወጋህ ማን ወጋኝ ብለህ አትከራከርም። እጅህ ላይ ናታ። ማን ላይ ታላክካለህ?

ከማን ነው የምትገዛው? … ተው፣ ተው፣ ስም አትጥራ። ይሄ ልብስ ስፌት ቤት ነው። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፤ የሰው ስም እንደ ክር ብጣሽ ጫማ ሥር ተለጥፎ ይወጣና የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ምልክታቸውን ብቻ ንገረኝ። ረጅም… ሸበት ያሉ… የአዳኞች ማኅበር ሊያከብራቸው ነው… አደን በቃኝ ብለው ጠመንጃቸውን የሚሸጡ… በቃ፣ በቃ። አወቅኳቸው። እሳቸውን የማያውቅ ማን አለ? እንኳን እኔ፣ የሰፈሩ ውሻ ያውቃቸዋል።

ምነው፣ ምን ታያለህ? ከመጋረጃው ሥር የሚታየውን ቡት ነው? አዎ፣ ጥሩ ቡት ነው። እንዲህ ያለ ቡት እኮ ብዙ ሰው ያደርጋል። አንተ ደግሞ ቡት ባየህ ቁጥር ሰው ያወቅክ ይመስልሃል። እኚህ ሌላ ሰው ናቸው። ያኛው ሰውዬ ሱሪያቸውን አውልቀው በሰው ቤት የሚቆሙ አይደሉም፤ ክብራቸውን ጠባቂ ናቸው። እኚህ ብቻ… ትንሽ ሳል ጀምሯቸዋል። ይማርዎ ደንበኛዬ። አንድ ጎኑን ጨርሻለሁ፣ ሌላው ነው የቀረኝ።

እናልህ፣ ስለ ሻጩ ከሆነ እኔን ጠይቅ። ደግ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ባሌን ከጫካ ተሸክመው ያወረዱት እሳቸው አይደሉም እንዴ? ታሪኩን አንተም ስንቴ ሰምተኸዋል። ሠርግ ላይ ይነገራል፣ ለቅሶ ላይ ይነገራል፣ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያለሱ ስብሰባው አይከፈትም። ባሌ እንቅፋት መታውና ወደቀ፤ በገዛ ጠመንጃው የገዛ እግሩን መታ፤ እሳቸው ሸሚዛቸውን ቀደው አሰሩለት፤ ከዚያ ያንን ቁልቁለት በጀርባቸው… ሲናገሩት እኮ እኔ ራሴ አለቅሳለሁ። 'ጓደኛዬ አልከበደኝም፣ ሐዘኑ ነው የከበደኝ' የሚሏት አለች። እንዴት ታምራለች። ብቻ በየዓመቱ ቁልቁለቱ ትንሽ ይረዝማል። መጀመሪያ ሲነግሩን እስከ ወንዙ ነበር፤ አሁን መኪና መንገዱ ላይ ደርሷል። ዕድሜ ከሰጣቸው ሆስፒታል ድረስ ተሸክመው አልጋው ላይ ያስተኙታል።

መሸከማቸው ግን እውነት ነው። እሱን እኔም አልክድም። ሰው የጣለውን ራሱ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ ደግ አይባልም? … ምን አልኩ? ዕቃ ማለቴ ነው። የጣለውን ዕቃ። ይሄ መቀስ በቀን ስንቴ ከእጄ ይወድቃል፤ እኔው ጥዬ እኔው አነሳዋለሁ። አንድም ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። እኔ መናገር አልችልበትም፤ ለዚህ ነው።

ከዘራውንም የገዙለት እሳቸው ናቸው። ጫፉ ነሐስ ነው፣ አይተኸዋል። እግር ለጎደለበት ሰው ከዘራ የሚገዛ ሞልቷል። ሐኪሞቹ ገና 'እናያለን፣ ይድን ይሆናል' እያሉ ከዘራ ይዞ የመጣ ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው። ለዚህም ነው አዳኝ የሆኑት መሰለኝ።

ያንን ጥቁር ክር አቀብለኝ… አይ፣ እሱ ሰማያዊ ነው። አንተ ይሄን ካልለየህ አሳማና ሰው እንዴት ልትለይ ነው? ተጫወትኩ።

ባሌን ደግሞ ታውቀዋለህ። ገበያ ሲወጣ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ… አንተ አትለውም፣ አውቃለሁ፣ አሳድጌህ። 'ራሱን የመታው' ይሉታል። ድንች የምትሸጠው ሳትቀር ልጇን 'ለራሱን የመታው አንድ ኪሎ መዝኚለት' ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅ ጠመንጃ ሲነካ 'ዋ፣ እንደ እሱ እንዳትሆን' ተብሎ ይገሠጽበታል። ባሌ እኮ ከሁሉም ፊት ነበር የሚሄደው፤ ጫካውን እንደ ጓዳው ነበር የሚያውቀው። ከዚያ በኋላ የአትክልት ቦታ እንኳ ጠብቅልን ያለው የለም። ራሱን የሚመታ ሰው አሳማ ያስጠብቃል? አሁን እኔ ጋ ተቀምጦ ካውያ ይይዛል። ባሌ ዛሬ የሚተኩሰው ሸሚዝ ብቻ ነው። ይሄን ሱሪም እሱ ሊተኩሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ቤት ዋል አልኩት። ደንበኛዬ እንዳያፍሩ ብዬ ነው፤ ሱሪ የሌለው ሰው ፊት ሌላ ወንድ ሲኖር ደስ አይልም።

አንድም ቀን መልስ ሰጥቶ አያውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ አይደል? እኛ ቤት ተገላቢጦሽ ነው። የተወጋው ጭራሽ ረስቶታል። በየሠርጉ የሚያስታውሱለት ሻጩ ናቸው። እንዲህ ያለ አስታዋሽ ወዳጅ ከየት ይገኛል?

ጫማ ሲገዛ ግን እኔን ይቆጨኛል። ግራውን ብቻ ስጡኝ ቢል ማን ይሰጠዋል? ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። ቁም ሣጥኑ ሥር ቀኝ ቀኙ ተደርድሯል፣ ሶሉ መሬት ያልነካ፣ ክሩ ያልተፈታ። አንድ ቀን ላጸዳ ጎንበስ ብዬ አየሁትና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከሻጩ ጋር የእግራቸው ቁጥር አንድ ነው አሉ። ልስጣቸው አልኩና ተውኩት፤ ሁለቱም እግር ላለው ሰው ቀኝ ብቻ መስጠት ነውር ነው።

ይማርዎ። ውሃ ላምጣልዎ ደንበኛዬ? … ውሃም አልፈለጉም። እሺ።

አሁን ወደ ጠመንጃህ እንምጣ። ንጹህ ነው አልክ? አፈሙዙ ያበራል፣ ሰደፉ ዘይት ጠጥቷል፣ ማነገቻው አዲስ ቆዳ ነው… ዋጋው ደግሞ የወንድም ዋጋ ነው? 'ለእናንተ ቤተሰብ ካለኝ ፍቅር የተነሳ' አሉህ? እውነት ነው፣ ለቤተሰባችን ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነው። ባሌ አሁንም በሄደበት ሁሉ ያንን ፍቅር ተደግፎ ነው የሚሄደው፣ በቀኝ በኩል።

'በዚህ ጠመንጃ አንድም ቀን አደጋ ደርሶ አያውቅም' አሉህ? እንዲህ ብለው? ሚስትህ ቆማ እየሰማች?

… እውነታቸውን እኮ ነው። ጠመንጃው ላይ ምን አደጋ ይደርስበታል? ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እንደ ሙሽራ እየተቀባ ነው የኖረው። አደጋ የሚደርሰው ሰው ላይ ነው። እሱን ደግሞ አልጠየቅካቸውም። ለጠየቅከው መልሰዋል፤ ላልጠየቅከው ምን ያድርጉ?

እነዚህ አዳኞቻችን አንድ ደንብ አላቸው፣ አባትህም ይከተለው ነበር። አንድ ጎራሽ የያዘ ሰው ሲሄድ ጠመንጃውን ከመሃሉ አጥፎ ክንዱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ባዶ መሆኑን ከፊት ያለውም ከኋላ ያለውም እንዲያይለት። ቀላል ነገር ነው፤ ሕፃን ይረዳዋል። እሳቸው ግን ይሄን ደንብ አይወዱትም ነበር። 'ታጥፎ ሲንጠለጠል ክንፉ የተሰበረ ዶሮ ይመስላል' ይላሉ። ወንድ ልጅ ጠመንጃውን ዘግቶ፣ ቀጥ አድርጎ ነው የሚይዘው ባይ ናቸው። እና ቀጥ አድርገው ነው የሚሄዱት… አጥር ሲያልፉም፣ ድንጋይ ሲረግጡም፣ ከፊታቸው ሰው ሲኖርም። ቁመናቸውን አይተህልኛል? ማኅበሩ አዳራሽ ያለው ፎቷቸው ላይ እንዴት እንደሚያምሩ። እኔ ያንን ሁሉ ቁመና ከየት አመጡት እያልኩ እደነቅ ነበር። ለካ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሌላው ሲያነክስለት ነው።

አሁን ደግሞ ማኅበሩ ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ ሰምተሃል? የጀማሪዎች አስተማሪ። የምን? የጠመንጃ አያያዝ። እንዴት ያለ ምርጫ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለም? እኔ ሰፊ ነኝና የሚቀደደው ጨርቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጫማም ይቀደዳል ለካ፣ ከነውስጡ።

ጨርቅ ካልኩ አይቀር… ይሄን ለማንም አልነገርኩም፣ ለአንተም ወሬ ለማሳመር ነው የምነግርህ። ያን ዕለት ባሌ የለበሰውን ሱሪ ሆስፒታል በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ይጣል ይሉኛል፤ እኔ ጨርቅ አልጥልም። አጠብኩት፣ ዘረጋሁት፣ ቀዳዳውን አየሁት። ጨርቅ ሲወጋ ክሩ የሚተኛው ወጊው ወደሄደበት ነው፤ መርፌም ይሁን ምስማር፣ አይዋሽም። እና ክሩ የገባው ከኋላ ነው። ከተረከዙ ከፍ ብሎ፣ በጀርባ በኩል፣ ዙሪያው ተቃጥሎ። በፊት በኩል ደግሞ ወጥቷል።

እኔ እንግዲህ ስለ ጠመንጃ ምን አውቃለሁ? ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በግንባሩ የተደፋ ሰው፣ ጠመንጃውን ከፊቱ የያዘ፣ የራሱን ተረከዝ ከኋላ እንዴት አድርጎ ይመታል? አንድም የባሌ እጅ ረጅም ነው። አንድም ጥይቷ የረሳችው ነገር ኖሮ ተመልሳ ይሆናል። ሌላ ምን ይሆናል? ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ከፊት ከሄደ ሌላው… ተወው፣ ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ።

እሱን ጠየቅሽው ወይ አልክ? አልጠየቅኩትም። ባልና ሚስት ሆነን ከኖርን፣ ሊነግረኝ የፈለገውን ይነግረኛል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲወርዱ፣ የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ እንዲያ ተጠጋግቶ፣ ምን እንዳወሩ እኔ የት ነበርኩ? ስለ አየሩ ይሆናል። ስለ ስማቸው ይሆናል። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ባሌ 'ራሴን መታሁ' ይላል፣ እሳቸውም 'ራሱን መታ' ይላሉ። ቃላቸው አንድ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። አንዱ ይቆፍረዋል፣ ሌላው ጣቱ ላይ ያደርገዋል።

መጀመሪያ ሰሞን ብርቱካን እየያዙ ይመጡ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ልጣጩን ይልጡለታል፤ ባሌን ቀና ብለው አያዩትም፣ ብርቱካኑን ነው የሚያዩት። ከዚያ ቀሩ። ሥራ በዝቶባቸው ነው። ያ ቁልቁለት ሲረዝም የቤታችንም መንገድ አብሮ ረዘመባቸው። እኔ ቅር አላለኝም። ባሌ ግን ለብዙ ጊዜ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ነገሩን ከአንተ በፊት ሰምቼዋለሁ። እናትህ ትናንት ነግራኛለች። በዚህ ሰዓት ና ያለችህም እኔ ብያት ነው፤ ሥራ የሚቀለኝ ሰዓት ስለሆነ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባሌም ሰማ። ዛሬ ቁርስ ላይ ነገርኩት፣ እንዲሁ እንደ ወሬ፤ ልጃችን የእሳቸውን አንድ ጎራሽ ሊገዛ ነው አልኩት። ዳቦውን አስቀመጠ። ከዚያ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረ። 'ሲዘጋው አፈሙዙን ወደ መሬት ያድርገው በይው። ቃታው ሳይነካ፣ ሲዘጋ ወይም ሲደናቀፍ ይተኩሳል።' ይሄው ነው። ዳቦውን አነሳና በላ።

እኔ ሻዩን ሞላሁለት። ግን ልጄ፣ አንተ ትምህርት ቤት ገብተሃል፣ እስቲ አስረዳኝ። በገዛ ጠመንጃው ራሱን የመታ ሰው፣ የሌላ ሰው ጠመንጃ ቃታው ሳይነካ እንደሚተኩስ ከየት ያውቃል? ያን ሁሉ ዘመን ራሱን የመታው እየተባለ፣ እየተሳቀበት፣ ለገዛ ስሙ ያላወጣትን ቃል… ለአንተ ሲል አወጣት። አልዋሽህም፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬ የተናደድኩትንም ያህል ተናድጄ አላውቅም። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሱቄን ከፈትኩ፤ ሱሪ የሚሰፋላቸው ደንበኛ ቀጠሮ ነበረኝ።

ሻጩ ይሄን ነግረውሃል? … አልነገሩህም። ረስተው ነው። ብዙ ደግ ሥራ ያለበት ሰው ትንንሹን ይረሳል። አሠርተውት ይሆናል እንዳትል፣ ማን ጋ ያሠሩታል? ለሠሪው ምን ብለው? 'አደጋ ደርሶበት የማያውቀውን ጠመንጃዬን አደጋ እንዳያደርስ አድርግልኝ' ይላሉ?

ሲያሳዩህስ እንዴት ይዘው ነው ያሳዩህ? ዘግተው ወይስ ከፍተው? … ከፍተው። ክንዳቸው ላይ አጥፈው። አየህ አይደል? ለመሸጥ ሲሆን ደንቡ ትዝ አላቸው። ለአንተ አስበው ነው፤ ከፊታቸው ቆመህ ነበራ። ከፊታቸው ለሚቆም ሰው ዛሬ እንዴት እንደሚጠነቀቁ።

እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ማሳው ላይ ከፊትህ የሚሄደው ማነው? የሚስትህ ወንድም። መንገዱን ስለሚያውቀው። ባሌም መንገዱን ስለሚያውቅ ነበር ከፊት የሚሄደው። እንግዲህ አንድ ቀን አንተ ከኋላ ሆነህ፣ ጠመንጃህን እንደ ወንድ ዘግተህ፣ ጉድባ ስትዘል… ጀርባህ እንዴት ነው? መሸከም ትችላለህ? መሸከሙስ ይሁን፣ ሰው ያግዝሃል። ንግግሩ ነው የሚከብደው። ያቺ ነፍሰ ጡር ፊትህ ቆማ 'ወንድሜ ምን ሆነ?' ስትልህ፣ ዓይኗን እያየህ 'ራሱን መታ' ማለት አለብህ። ድምፅህ መንቀጥቀጥ የለበትም። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ልጁ ተወልዶ ሲያድግም እሱንኑ ማለት አለብህ። በየሠርጉ። ይሄ ለሁሉም ሰው የሚሰጥ ተሰጥኦ አይደለም ልጄ። አንተን አውቅሃለሁ፤ በልጅነትህ ስኳር ሰርቀህ ገና ሳልጠይቅህ አልቅሰህ የነገርከኝ ነህ። ለእንዲህ ያለ ጠመንጃ አልተፈጠርክም።

ምን? አልገዛም? … እንዴ፣ እኔ መቼ አትግዛ አልኩህ? እኔ ሰውየውን እያመሰገንኩልህ። ስትሰማኝ ክፉ ቃል ወጣኝ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይላሉ፤ እሳቸው ግን ይሄው አንድ እግራቸውን የጀግና ዛፍ ላይ፣ አንዱን የንጹሕ ሰው ዛፍ ላይ አድርገው ስንት ዘመን ሳይወድቁ ኖረዋል። ይሄ አይመሰገንም? ከእንዲህ ያለ ሰው ዕቃ መግዛት ክብር ነው።

ካልገዛህ ግን ለሌላም ባይሸጡት ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ባዳ እጅ ምን ይሠራል? ለትምህርቱ ይያዙት። ተማሪዎቻቸውን ጫካ ይውሰዷቸው፤ እሳቸው ከፊት ይሂዱ፣ አንዱ ተማሪ ጠመንጃውን ዘግቶ ከኋላ ይከተላቸው። አስተማሪ ከፊት ተማሪ ከኋላ፣ ደንቡ እንደዚያ አይደል? በአንድ ቀን ያስተምራሉ። ወይም ደግሞ ማስተማሩ ከቀረ፣ ቆራርጠው ለብረት ሠሪ ይስጡት። እሱም ትምህርት ነው።

አሳማውን በተመለከተ ባሌን አማክረው። የእሱ ጠመንጃ ተሸጧል፤ ጭንቅላቱ ግን እቤት ነው። እሾህ አጥሩን በየት በኩል እንደምታጠብቀው፣ ውሻ የት እንደምታስር ይነግርሃል። ስትመጣ ደግሞ በሩን አንኳኳ። ማን እንደመጣ ለማየት ቀና ሲል ፊትህን ይይ።

ይሄው፣ አለቀ። ክሩን ልበጥስ… ደንበኛዬ፣ ሱሪዎ ደርሷል። እጅዎን በመጋረጃው በኩል ይዘርጉልኝ… አዎ፣ እንደሱ። ምነው እጅዎ በረደው? እዚያ ነፋስ ይገባል እንዴ? ቀስ ብለው ይልበሱት። ወገቡን ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ሰው ሲከበር ወገቡም አብሮ ይከብራል። ለክብርዎ ቀን ያምርብዎታል።

አንተም ልትሄድ ነው? በል እናትህን ሳምልኝ። ቀሚሱን እንዳትረሳ። ሻጩን ደግሞ መንገድ ላይ ካገኘሃቸው፣ መቼም ትንሽ ከተማ ናት፣ ቅር እንዳይላቸው ሰላም በልልኝ። ልብስ ሰፊዋ መርቃዎታለች በላቸው። ከልቤ ነው። እንዲህ በልልኝ፦ እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። ተማሪዎችዎ ይብዙ፣ ስምዎ ይጠራ። በልጅ በልጅ ልጅ ይከበቡ። ከፊትዎ የሚሄድ ታማኝ ወዳጅ አያሳጣዎ። የእኔ ሰውዬ ማታ ራሱን ትራስ ላይ ከማሳረፉ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እስኪነጋ አይገላበጥም፣ አይባንንም፣ ማንንም አይጠራም… ለእርስዎም እንደ እሱ ያለ እንቅልፍ ይስጥዎ።

አሜን በል ልጄ። እርስዎም ደንበኛዬ፣ ቀበቶዎን አጥብቀው ሲጨርሱ አሜን ይበሉ እንጂ። ለሌላ ሰው የተመረቀ ቢሆንስ፣ አሜን ቢሉበት ምን ይጎድልብዎታል?